የጋሽ ሰይድ አረንጓዴ ውሃ

ጋሽ ሰይድ ማረፋቸውን የሰማሁት ሰሌዳ ላይ የቅጠል ሥዕል እየሳልኩ ሳለ ነው። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ፤ ዝም አልኩት። ደግሞ ተንቀጠቀጠ። በር ላይ ወጥቼ ሳነሳው የባለቤታቸው የእትዬ ዘሐራ ድምፅ ነበር፤ ከሞጣ። «መምህርት፣ ጋሽ ሰይድ ጥለውን ሄዱ» አሉኝ። ኔትወርክ ሁለት ቀን ጠፍቶ ስለነበር የደወሉልኝ ቀብሩ ካለፈ በኋላ ነው። «እንዳትቀየሚን» አሉኝ። ባላቸው የሞቱባቸው እሳቸው፣ የሚያባብሉት እኔን።

ወደ ክፍል ስመለስ ፊት የምትቀመጠው ልጅ ዓይኔን አይታ «ቲቸር፣ ማን ሞተ?» አለችኝ።

«አንድ ሰው።»

«ዘመድሽ ናቸው?»

መስታወት ቆራጭ ናቸው ብላት ምን ይገባታል? ሃይማኖታችን አንድ አይደለም፤ እሳቸው የሞጣ ሰው፣ እኔ የቢቸና ልጅ ነኝ፤ በዕድሜ አባቴን ይበልጣሉ። ያገናኘን ነገር ውሃ ውስጥ ድንጋይና መስታወት ላይ የሚለጠፈው አረንጓዴ ነው። እኛ የባዮሎጂ መምህራን አልጌ እንለዋለን፤ ሌላው ሰው ቆሻሻ ብሎ ያልፈዋል። «አስተማሪዬ ናቸው» አልኳትና ወደ ቅጠሌ ተመለስኩ።

የተዋወቅነው በምረቃ ፎቶዬ ምክንያት ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ክረምት ላይ፣ ለመምህራን ስልጠና ሞጣ ሁለት ሳምንት ተቀምጬ ነበር። እናቴ ጥቁር ጋዋን ለብሼ የተነሳሁትን ፎቶ ፍሬም ሳላስገባ እንዳልመለስ አስጠንቅቃኛለች። ሰው ጠይቄ የጋሽ ሰይድ መስታወት ቤት ገባሁ። በሩ አጠገብ የመስኮት መስታወቶች ተደግፈዋል። ግድግዳው ላይ ባለቤቶቻቸው መጥተው ያልወሰዷቸው ፍሬሞች ተሰቅለዋል፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረሱ ላይ፣ ከጎኑ የመካ ፎቶ፣ ቀጥሎ ፊታቸውን ያኮሳተሩ ሙሽሮች።

ከጠረጴዛው ጀርባ ጥጉ ላይ ግን ሌላ ነገር ነበር። አንድ ክንድ የሚሆን የመስታወት ገንዳ፣ ውስጡ ለምለም የውሃ ሣር፣ በሣሩ መሃል ደግሞ ከጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጡ ቀያይ ፍጥረታት ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ሽሪምፕ ናቸው። ሽሪምፕን በሥዕል አስተምሬያለሁ፣ ፈተና ላይ አውጥቻለሁ፤ በሕይወት ሳየው ግን የመጀመሪያዬ ነበር። የፊት እግራቸውን ምስር እንደሚለቅም ሰው ሳያሳርፉ ቅጠሉ ላይ ያለውን እየለቀሙ ይበላሉ።

«ጋሼ፣ በምንድን ነው የሚያጥቡት?» አልኳቸው።

«ምኑን?»

«ገንዳውን። እንዲህ የጠራው።»

«አላጥበውም።»

«ታዲያ አረንጓዴ እንዳይወርሰው ምን ያደርጉለታል?»

«አረንጓዴውን አላበላውም» አሉና ፎቶዬን መለካት ቀጠሉ።

ያን ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ገና ዓመቴ ስለነበር አፌ አያርፍም። የባዮሎጂ መምህርት መሆኔን ነገርኳቸው። መለኪያውን አስቀመጡና መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉት። ሌላው ሰው አጥርቶ ለማየት መነጽር ያደርጋል፤ እሳቸው የምር ሊያዩ ሲፈልጉ ያወልቁታል። በርጩማ አቀረቡልኝ።

«እሰይ! አላህ ነው ያመጣሽ። በይ እስቲ ንገሪኝ፤ ይሄ እንደ ጸጉር የሚንጠለጠለውና ይሄ መስታወቱ ላይ ነጠብጣብ የሚሠራው፣ አንዱ ሲመጣ አንዱ ለምን ይሸሻል?»

አላውቅም ነበር። «መጽሐፉ ላይ የለም» አልኩ።

«እህ፣ የጻፈው ሰው ገንዳ የለውማ!» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ድምፅ የለውም፤ ትከሻቸው ብቻ ይነቃነቃል። እኔ ተናደድኩ። በማግስቱ ግን ስልጠናው እንዳለቀ እግሬ ወደዚያው ወሰደኝ፤ በሦስተኛውም ቀን እንደዚያው። ፎቶዬ በማግስቱ ተሠርቶ አልቋል፤ እኔ ግን ዛሬ ነገ እያልኩ ሳልወስደው ሁለቱ ሳምንት አለቀ።

ገንዳውን የሠሩት ለራሳቸው አልነበረም። አንድ የሆቴል ባለቤት ለእንግዳ መቀበያው አዘዛቸው። ሣሩንና ሽሪምፑን ከአዲስ አበባ አስመጣ፤ መብራቱን ቀን ከሌት እያበራ፣ ምግቡንም ጠዋት ማታ እየበተነ በአንድ ወሩ ውሃው ጎመን የተቀቀለበት መሰለ። «አንሱልኝ!» አለ። ጋሽ ሰይድ መስታወቱን ለሌላ ሥራ ሊፈቱት ወስደው ሲደፉት ከአረንጓዴው ውስጥ ቀያዮቹ ተንፈራገጡ። «እዚያ ውስጥ ነፍስ ይኖራል ብዬ መች ጠርጥሬ» ይሉ ነበር ይህን ባወሩ ቁጥር። «አፈርኩ ልጄ። ሳላያቸው ልጨርሳቸው ነበር።» መስታወቱን ሳይፈቱት ቀሩ።

ስለዚህ ነገር ያስተማራቸው ሰው የለም። ኢንተርኔቱም ደስ ሲለው ነው የሚመጣው። አረንጓዴው በግራ በኩል ለምን እንደሚበረታ ለማወቅ ቀኑን ሙሉ በርጩማቸውን እያዞሩ ከበሩ የሚገባውን ብርሃን ተከታተሉ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ለጥቂት ጊዜ ገንዳውን እንደምትነካው ደረሱበትና የእትዬ ዘሐራን አሮጌ ሻሽ መጋረጃ አደረጉለት። መብራቱ በቀን ከስድስት ሰዓት በላይ አይበራም። ምግብ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ ጥፍር የምታህል የተቀቀለች የቆስጣ ቅጠል ይከታሉ፣ የተረፈውን ሳይውል ሳያድር ያወጡታል። በየሳምንቱ ትንሽ ውሃ ቀድተው ያወጡና በክፍት ባልዲ ሁለት ቀን የተቀመጠ ውሃ ቀስ እያሉ ይተካሉ። ላዩ ላይ የሚንሳፈፍ ሣር አለ፤ ሲበዛ እያነሱ ጓሮ ይጥሉታል። «ይሄ ሣር ቀድሞ ገብቶ ይበላበታል፤ አረንጓዴው ጦሙን ያድራል» አሉኝ።

መስታወቱንም ቢሆን በምላጭ የሚፍቁት የፊቱን ብቻ ነው። የጎኑና የኋላው አረንጓዴ እንደለበሰ ይቀራል፤ ሽሪምፖቹ የሚግጡት እሱን ነውና። «ፊቱ ለሰው ነው፣ ኋላው ለነሱ» ይላሉ። ጎረቤታቸው የቀለም ሱቁ ሰውዬ አንድ ቀን «በረኪና ጠብ አድርግበትና ተገላገል» ብሎ ቢመክራቸው ሦስት ቀን አላናገሩትም።

ከሁሉ በላይ የሚያጠብቋት አንዲት ሕግ ነበረቻቸው፤ አንድ ነገር ብቻ ነክቶ ሳምንት መጠበቅ። መብራት ከቀነሱ ምግብ አይነኩም፤ ምግብ ከነኩ ሣር አይጨምሩም። እኔ ችኩል ነኝ፤ ሁሉንም በአንዴ ብናደርገው ቶሎ አይጠራም ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። «ቶሎስ ይጠራል። ግን ምኑ እንዳጠራው በምን ታውቂያለሽ?» አሉኝ። አራት ዓመት ሙሉ ስለ ሳይንስ ጥናት ዘዴ ተምሬ የገባኝ ያን ዕለት፣ መስታወት ቤት በርጩማ ላይ ነው።

ጥቅምት ላይ ደወሉልኝና «ነይ ውሰጂ» አሉኝ። ከቁርጥራጭ መስታወት ለትምህርት ቤቴ ገንዳ ሠርተውልኛል፤ ጠርዙን እጅ እንዳይቆርጥ አለስልሰውታል። ሽሪምፖቹን በውሃ ላስቲክ አንድ በአንድ እየቆጠሩ ከተቱልኝ። «አስራ ሁለት ናቸው። አደራ» አሉኝ። እኔና እሳቸው ባደግንበት አገር አደራ የተባለ ነገር እንዲሁ ዕቃ አይደለም፤ ተቀባዩ ራሱን ነው የሚያስይዘው።

ገንዳውን ውስጡን ጭድ ሞልቼ ጭኔ ላይ አድርጌ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ደብረ ወርቅ ላይ አንድ ቄስ ገብተው አጠገቤ ተቀመጡና ሲያዩት ቆይተው «የምጽዋት ሳጥን ነው ልጄ?» አሉኝ። የሽሪምፕ ቤት መሆኑን ነግሬ ላስቲኩን አሳየኋቸው። ዓይናቸውን አስጠግተው ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። «ይገርማል፤ እግራቸው ብዛቱ!» አሉና እስከ ቢቸና ላስቲኩን እሳቸው ይዘውልኝ ሄዱ።

አንድ ወር ያህል ሁሉም ነገር ሰላም ነበር። ኅዳር ላይ እንግዶች ትምህርት ቤታችንን ሊጎበኙ ነው ተባለ። የመንገዱ ዳር ድንጋይ ኖራ ተቀባ፣ መስኮቱ ተወለወለ። እኔም ገንዳዬን በእንግዳ ዓይን አየሁት። ጎኑ አረንጓዴ ነው፣ ጠጠሩ ላይ የሆነ ነገር ተለጥፏል። እኔ ባደግሁበት ቤት «እንግዳ ሊመጣ ነው» ከተባለ የማይፋቅ ነገር የለም፤ እናቴ የበሩን ማጠፊያ ሳይቀር በአሸዋ ትፈትግ ነበር። ሽሪምፖቹን ውሃ የያዘ ሳህን ውስጥ አስቀመጥኩና እጅጌዬን ሰበሰብኩ።

አራቱንም መስታወት ፋቅሁ። ጠጠሩን ውሃው ነጭ እስኪወጣ ድረስ አጠብኩ። ውሃውን የሚያጣራውን ስፖንጅ ቧንቧ ሥር ጨመቅሁት። ሣሩን ቅጠል በቅጠል አሸሁ። ሳሙና አልነካሁም፤ ያን ያህልም አልሳትኩም። ከዚያ ክሎሪን ያለበትን የቧንቧ ውሃ በቀጥታ ሞላሁና ቀያዮቹን መለስኳቸው። ገንዳው አብረቀረቀ። ውሃ ውስጥ ያለውን መርዝ የሚያበርዱት ዓይን የማያያቸው ባክቴሪያዎች በዚያ ጠጠርና ስፖንጅ ላይ እንደሚኖሩ አስተምራለሁ እኮ! ለፈተናም እጠይቃለሁ።

እንግዶቹ በማግስቱ መጡ። አንደኛው «እንዴ፣ ውሃ አለበት?» እስኪል ድረስ ተደነቁ፤ ከገንዳው ጋር ፎቶ ተነሱ። ያን ጊዜ ሦስቱ ሽሪምፖች በጎናቸው ተጋድመዋል። «ምን ሆነው ነው?» ቢሉኝ «ተኝተው» አልኩ። በሦስተኛው ቀን አንድም አልቀረም። ግቢው ውስጥ ጽድ ሥር ቀበርኳቸውና ተቀምጬ አለቀስኩ።

አርብ፣ ከጁምዓ መልስ፣ ጋሽ ሰይድ ደወሉ። «ቀያዮቼ እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናቸው» አለ አፌ። አስቤበት አልነበረም። ቃሉ ከወጣ በኋላ ልመልሰው ብፈልግ አልተመለሰም።

«አረንጓዴውስ?»

«እ... አይቼ ልደውልልዎ።»

እንግዲህ ስለ አረንጓዴው ለመናገር አረንጓዴው መኖር አለበት። ልደፋው የነበረውን ገንዳ እንዳለ ተውኩት፣ መብራቱን አበራሁ። ስለ ሽሪምፖቹ መዋሸት ችያለሁ፤ ስለ ውሃው መዋሸት ግን አልሆነልኝም፤ ጋሽ ሰይድ የሚጠይቁት እየቆነጠሩ ነው። ቀለሙ ምን ይመስላል? በጣት ሲነኩት ይነሳል ወይስ ይጣበቃል? ቅጠሉ ላይ ነው ወይስ ድንጋዩ ላይ? በሳምንቱ ቡናማ አቧራ የመሰለ ነገር ሁሉንም እንደሸፈነው፣ በጣት ሲነኩት እንደሚበን ነገርኳቸው። «ሁሉንም ሸፈነው?» ብለው ደግመው ጠየቁኝ። «ተይው፣ አትንኪው። መብራቱን ብቻ በአንድ ሰዓት ቀንሺ» አሉኝ። ቀነስኩ። ሳምንት ጠበቅሁ።

እንዲህ አርብ አርብን እየወለደ አምስት ወር ሄደ። ባዶ ገንዳ እመግባለሁ፣ ለባዶ ገንዳ ውሃ አስቀምጣለሁ። ተማሪዎቼ ሳቁብኝ። «ቲቸር፣ ውሃ ነው እንዴ የምታረቢው?» አሉኝ። የሥራ ባልደረቦቼም «ውሃ አርቢዋ» የሚል ስም አወጡልኝ። ቡናማው ሄዶ አረንጓዴ ነጠብጣብ መጣ፤ ነጠብጣቡ ሲቀንስ ጸጉር የሚመስለው መጣ። ጋሽ ሰይድ ልከው ያስያዙኝ ተንሳፋፊ ሣር እያደገ ሲሄድ ጸጉሩም መሳሳት ጀመረ። አንድ የሚሠራ ማይክሮስኮፕ አለን፤ ልጆቹን በየተራ እያስጠራሁ ከመስታወቱ የፋቅሁትን አሳየኋቸው። ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፉት ሁለት ልጆች «የባለፈው ሳምንቱ አረንጓዴ ራሱ ነው፣ አይደለም» ተባብለው ሊደባደቡ ደረሱ። ሳላስበው ማስተማር የጀመርኩት ያኔ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

መጋቢት ላይ ስልኩ ጭራሽ ጠፋ። ይገላግለኛል ብዬ ነበር። በሳምንቱ የሞጣ ሚኒባስ ሹፌር በትምህርት ቤቱ በር በኩል አስጠራኝና ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ሰጠኝ። የጋሽ ሰይድ ጽሕፈት ነው፤ «ቀያዮቹ እንዴት ናቸው? ጸጉሩ አለቀ ወይ?» ይላል። ሹፌሩ መልስ እስክጽፍ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆመ። እኔም በችኮላ «ጸጉሩ ከኋላው መስታወት በቀር ሊያልቅ ነው። አስራ ሁለቱም ሰላም ይሉዎታል» ብዬ ጻፍኩ።

በስልክ የዋሸሁት ነፋስ ይዞት ይሄዳል። ይሄ ግን በእጄ ጽሑፍ፣ ከነስሜ፣ ጋሽ ሰይድ ጠረጴዛ ላይ ሊቀመጥ ነው። የተቀበሩትን አስራ ሁለት ሰላም አስባልኳቸው! ከዚያ ቀን ጀምሮ የበላሁት አልጥም አለኝ። ሰውየውን ማጣት ፈራሁ። ከነገርኳቸው አደራ በላ ነኝ፤ ካልነገርኳቸው ደግሞ በየሳምንቱ እንደ አዲስ እበላዋለሁ።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ ሞጣ ሄድኩ። ስገባ መስታወት እየቆረጡ ነበር፤ በዚያን ጊዜ አይናገሩም፣ ሰውም አያናግራቸውም። ቆሜ ጠበቅሁ። መስታወቱ ቀጭ ብሎ ለሁለት ሲከፈል ቀና አሉ።

«ጋሽ ሰይድ፣ ሞተዋል። ሁሉም። ኅዳር ላይ ነው የሞቱት።»

መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉና አዩኝ። «ምን ነካሽባቸው?»

«ሁሉንም።»

«በአንድ ቀን?»

«በአንድ ከሰዓት። እንግዳ ሊመጣ ነበር። አጠብኩት።» እንባዬ መጣ። «አደራዎን በላሁ። አምስት ወር ሙሉ ዋሸሁዎት።»

ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ጨርቅ አንስተው እጃቸውን ከመስታወቱ ብናኝ ጠረጉ። «እንግዳ ሲመጣማ ቤት ይጸዳል፤ ምን ታደርጊ» አሉ። ከዚያ፣ ሌላ ምንም ሳይጨምሩ፣ «አሁን ውሃው እንዴት ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ጠርቷል። ፊቱ ጥርት ብሏል፤ አረንጓዴው ከኋላ ብቻ ነው የቀረው። ሣሩ አድጓል።»

«ምኑ አጠራው?»

ከኅዳር ጀምሮ ያደረግነውን ሁሉ በቅደም ተከተል ነገርኳቸው፤ መጀመሪያ መብራቱን፣ ከዚያ ሣሩን፣ ከዚያ ባልዲውን። እያንዳንዱ ምን እንደለወጠ አንድም ሳልስት ተናገርኩ። ጋሽ ሰይድ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ስጨርስ ከጠረጴዛው ሥር አንድ የመስታወት ማሰሮ አወጡ። ውስጡ ሣር አለ፤ ሣሩ ላይ ቀያይ ሽሪምፖች ይንቀሳቀሳሉ።

«ይሄን ለሌላ ሰው አዘጋጅቼው ነበር፤ ቀረብኝ። እንግዲህ ያንቺ ዕድል ነው፣ ውሰጂው» አሉኝ። ቆጠርኳቸው። አስራ ሁለት ናቸው። የቀረው ሰውዬ ማን እንደሆነ ለመጠየቅ እንኳ ልቤ አልተመለሰም፤ ማሰሮውን አቅፌ ወጣሁ።

እነዚያ አልሞቱም። ወለዱ፣ ልጆቻቸውም ወለዱ፤ ዛሬ ከኛ አልፈው ሌላ ትምህርት ቤትም ደርሰዋል። ባለፈው ዓመት ጋሽ ሰይድ ራሳቸው ቢቸና መጡልኝ። ቤተ ሙከራው በር ላይ ሲደርሱ ተማሪዎቼ ለመምህር እንደሚያደርጉት ብድግ አሉ። እሳቸው ዞር ብለው ከኋላቸው ማን እንደመጣ ተመለከቱ። ለሳቸው መሆኑን ስነግራቸው ኮፍያቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉት፣ ሌላ የሚያደርጉት ጠፋቸው። ያንን ሰዓት ስላየሁ ብቻ አምላኬን አመሰግናለሁ።

ለቅሶ የደረስኩት እትዬ ዘሐራ በደወሉልኝ በማግስቱ ነው። ቤቱ በሰው ሞልቷል። እትዬ ዘሐራ ፍራሽ ላይ በሴቶች መሃል ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው ቦታ ሰጡኝ። ትንሽ ከተላቀስን በኋላ ስለ ጋሽ ሰይድ መጫወት ጀመርን። እኔም ያችን ቅዳሜ አወራሁላቸው፤ እንዴት እንዳልተቆጡኝ፣ እንደ ዕድል ሆኖ ለሌላ ሰው ያዘጋጁት ማሰሮ እንዴት እንደደረሰኝ።

እትዬ ዘሐራ ቀና ብለው አዩኝ። «የቱ ሌላ ሰው?»

«እንጃ፤ ሊወስድ የነበረ፣ የቀረ ሰው።»

«ምን ሌላ ሰው አለ ልጄ?» አሉኝ። «የቀያዮቹን መሞትማ ቡናማ አቧራ መጣ ያልሽው ቀን ነው ያወቀው። ‹ቀያዮቹ ቢኖሩ ያን አቧራ አንድ ቀን አያሳድሩትም፤ ልጅቷ ጨርሳቸዋለች› አለኝ። ታዲያ ለምን አትነግራትም ብዬ ብጠይቀው፣ ‹ከነገርኳት አፍራ ገንዳውን ትደፋዋለች፤ ውሃውን ታዳብር፣ ራሷ ትመጣለች› አለ።»

እትዬ ዘሐራ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ቅዳሜ ትምህርት የለም፣ ከመጣች ቅዳሜ ነው የምትመጣው ይል ነበር። ጠዋት ሱቁን እንደከፈተ አስራ ሁለት ቆጥሮ እማሰሮው ውስጥ ያስቀምጣል። ሊዘጋ ሲል መልሶ ገንዳው ውስጥ ይከታቸዋል። ‹ዛሬም አልመጣችም› እያለ ይገባል። ከገና በፊት ጀምሮ እስከ ፋሲካ፣ አንድም ቅዳሜ አልዘለለም።»

እነዚያን ቅዳሜዎች ሁሉ እኔ ቢቸና ተቀምጬ ልብሴን አጥብ ነበር።